በማይተር መጋዝ እንጨት በልኩ መቁረጥ፣ ጣትንም ማትረፍ

የበር ክፈፍ አርባ አምስቱ (በ45 ዲግሪ ተቆርጠው የሚጋጠሙት ጫፎች) አልገጥም ሲል መጀመሪያ የሚወቀሰው መጋዙ ነው። ብዙ ጊዜ ግን መጋዙ አልበደለም፤ እንጨቱ ሲቆረጥ ተንቀሳቅሷል። ዲስኩ ሲነካው ግማሽ ሚሊ ሜትር የሸሸ እንጨት ልኩን ያበላሻል፤ ከዚያ በላይ ከሸሸ ደግሞ ተስፈንጥሮ የያዘውን እጅ ይዞ ወደ ዲስኩ ይሄዳል። ስለዚህ እዚህ የጥንቃቄውን ነገር ለብቻ፣ የልኩን ነገር ለብቻ አላስቀመጥነውም። ሁለቱም የሚጀምሩት እንጨቱን ከገበታውና ከማስደገፊያው ጋር አጣብቆ ከመያዝ ነው። ገበታ ያልነው እንጨቱ የሚተኛበትን ጠፍጣፋ ብረት፣ ማስደገፊያ ያልነው ደግሞ እንጨቱ ጀርባውን የሚሰጠውን ቋሚ ብረት ነው።

ማይተር መጋዝ እንጨትን በወርዱ ይቆርጣል፤ ቀጥ አድርጎ፣ ገበታውን አዙሮ በማዕዘን፣ ወይም ጭንቅላቱን (ሞተሩና ዲስኩ ያሉበትን ክፍል) አጋድሞ። ጣውላ በርዝመቱ መሰንጠቅ የእሱ ሥራ አይደለም። ብረት መቁረጥማ ጭራሽ አይታሰብ። እንጨት ቤትና ብየዳ ቤት ጎን ለጎን በሆኑበት ሰፈር የድንጋይ ዲስክ ገጥሞ ሁለት ቱቦላሬ «ቶሎ» መቁረጥ ያጓጓል። ብልጭታው ግን ሽፋኑ ውስጥ የተከማቸውን ሰጋቱራ ያቀጣጥላል፣ የፕላስቲክ ሽፋኑን ያቀልጣል፤ ለዚያ ፍጥነት ያልተሠራ ድንጋይም ሊበታተን ይችላል።

መብራትና ገመድ

እዚህ ጎንደር መስመራችን 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የተለመደው ባለ 10 ኢንች (255 ሚ.ሜ) መጋዝ ከ1,600 እስከ 2,000 ዋት ይወስዳል፤ 1,800 ዋት ማለት 8 አምፔር ገደማ ነው። ይህን በቀጭን የቤት ማከፋፈያ ማስነሳት ሞተሩን ማስራብ ነው። እስከ 10 ሜትር ባለ 1.5 ካሬ ሚ.ሜ፣ ከዚያ በላይ እስከ 30 ሜትር ባለ 2.5 ካሬ ሚ.ሜ ገመድ ተጠቀሙ። የሚጠቀለል ገመድ ከሆነ እስከ መጨረሻው ፍቱት፤ እንደተጠቀለለ ከሠራ ይግላል፣ ሽፋኑም ይቀልጣል። ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ በሚጥድበት ሰዓት የመጋዙ ድምፅ ወርዶ ከሰማችሁ ኃይሉ ደክሟል ማለት ነው። ወፍራም ሞራሌ ለሌላ ሰዓት አቆዩ፤ ፍጥነቱ የወረደ ዲስክ እንጨት ውስጥ ተቀርቅሮ ይቆማል፣ ሞተሩም ይግላል።

ከአሜሪካ የመጣ መጋዝ ካጋጠማችሁ ከሰካችሁ በኋላ ሳይሆን ከመሰካታችሁ በፊት ታርጋውን አንብቡ። 120 ቮልት የሚል ከሆነ በ220 በቀጥታ ቢሰካ ሞተሩ ወዲያው ይቃጠላል። ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ ለ15 አምፔር መጋዝ ቢያንስ ባለ 3,000 ቮልት አምፔር ይሁን። 60 ኸርዝ መባሉ ግን አያሳስብ፤ ካርቦን (ለሚዞረው የሞተር ክፍል መብራት የሚያቀብል፣ እየተፋቀ የሚያልቅ ቁራጭ) ያለው ሞተር ፍጥነቱ በኸርዝ አይወሰንም።

መብራት እየቆረጣችሁ ቢጠፋ የመጀመሪያው ነገር ጣትን ከማስነሻው ማንሳት ነው። ጭንቅላቱን እንዳለ ያዙት፣ ዲስኩ ጨርሶ ሲቆም ወደ ላይ መልሱት፣ ከዚያ ስፒናውን ንቀሉ። መንቀሉን «አሁን ይመጣል» ብሎ መተው የተለመደ ነው፤ አደጋው ያለውም እሱ ጋ ነው። ማስነሻው ተቆልፎ ወይም ተጣብቆ ከቀረ መብራቱ ሲመለስ ሰው በሌለበት፣ ወይም ይባስ ብሎ ሰው ገበታውን በእጁ ሲጠርግ ይነሳል።

ለጄኔሬተር የጎንደር ከፍታ መታሰብ አለበት። ከተማው ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የቤንዚን ሞተር ደግሞ በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ 3,000 ዋት ተብሎ የተሸጠ ጄኔሬተር እዚህ ወደ 2,300 ዋት ይወርዳል። መጋዙ ሲነሳ ለአፍታ ከተጻፈበት በላይ ስለሚስብ 1,800 ዋት መጋዝ ለማስነሳት ከ4,000 ዋት ያላነሰ ጄኔሬተር ያዙ፤ አምፖልና መሰርሰሪያውን ከእሱ ጋር አትደርቡ።

ዲስክ

አዲስ መጋዝ ይዞት የሚመጣው ዲስክ ብዙ ጊዜ 24 ወይም 40 ጥርስ ነው። ለሞራሌ፣ ለጣሪያ ማገርና ለወጋግራ በቂ ነው። ለበርና ለመስኮት ክፈፍ 60፣ ለሥዕል ክፈፍ፣ ለላሚኔትና ለፕላይውድ 80 ጥርስ ይፈለጋል። ጥርሱ በበዛ ቁጥር አቆራረጡ ይለሰልሳል፣ ግን ቀስ ብሎ መግፋት ይጠይቃል፤ በ80 ጥርስ ዲስክ እርጥብ ባሕር ዛፍ መቁረጥ እንጨቱን ማቃጠልና ዲስኩን ማደንዘዝ ነው። ጭንቅላቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተት መጋዝ ከሆነ ጥርሱ ወደ ፊት ብዙ ያልተንጋደደ ዲስክ ምረጡ፤ ለጠረጴዛ መጋዝ የተሠራው በጣም የተንጋደደ ጥርስ እንጨቱን ነክሶ ይስባል።

ስትገዙ ሦስት ቁጥር አረጋግጡ። ስፋቱ ከመጋዙ ጋር አንድ ይሁን። የመሐሉ ቀዳዳ ከዘንጉ ጋር ልክ ይግጠም (16፣ 25.4 ወይም 30 ሚ.ሜ ሊሆን ይችላል)፤ ሰፊ ከሆነ ለዚያው የተሠራ ቀለበት ይግባበት እንጂ ላስቲክ ወይም ቆርቆሮ አይጠቀለልበት። በዲስኩ ላይ የተጻፈው የዙር ብዛትም ከመጋዙ ይብለጥ፤ ባለ 10 ኢንች መጋዝ በደቂቃ 4,500 እስከ 5,000 ያህል ይዞራል።

ለመቀየር ስፒናውን ንቀሉ። የዘንጉን መቆለፊያ ተጭናችሁ ብሎኑን በሰዓት አቅጣጫ ፍቱ፤ በአብዛኛው ማይተር መጋዝ የብሎኑ ጥርስ የተገላቢጦሽ ነው፤ ብዙ ብሎን የሚበላሸውም በለመዱት አቅጣጫ እየታገሉ ነው። ሁለቱን ክብ ማጣበቂያ ብረቶች ከሙጫና ከሰጋቱራ በደንብ ጥረጉ። እዚያ የቀረ አንድ ቅንጣት ሰጋቱራ ዳር ላይ ዲስኩን ያወዛውዘዋል፣ አቆራረጡም ሻካራ ይሆናል። የዲስኩ ቀስት ከሽፋኑ ቀስት ጋር አንድ አቅጣጫ ይያዝ፣ ፊት ለፊት ያሉት ጥርሶች ወደ ታች ይመልከቱ። ካጠበቃችሁ በኋላ በእጅ አዙሩት፣ ሽፋኑ በራሱ መዘጋቱን እዩ፣ ከዚያ ሰክታችሁ ከዲስኩ መስመር ገለል ብላችሁ ለአንድ ደቂቃ ባዶውን አስኪዱት።

መጋዙን በልክ ማስገባት

ከሱቅ የወጣ መጋዝ በዜሮ ዜሮ ነው ብሎ ማመን አይቻልም፤ በአይሱዙ ጭነት ጎንደር ዳር ያለችው አዘዞ ድረስ የመጣማ ይበልጥ። ቁጥሩ የተጻፈበት ሰሌዳ የሚናገረው ቀስቱ የት እንዳለ ነው፣ ዲስኩ የት እንዳለ አይደለም። ይህን ሥራ ስፒናው ተነቅሎ ሥሩ።

1. ገበታውን ዜሮ ላይ ቆልፉ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጉ። ጥሩ ስኳድራ (የ90 ዲግሪ መለኪያ) ወስዳችሁ አንዱን ጎን ከማስደገፊያው፣ ሌላውን ከዲስኩ ገላ ጋር አገናኙ። ስኳድራው ጥርስ መንካት የለበትም፤ ጥርሱ ከገላው ወፍራም ስለሆነ ልኩን ያሳስታል፤ በሁለት ጥርስ መካከል አስገቡት።
2. ክፍተት ካለ የማስደገፊያውን ብሎኖች ላላ አድርጋችሁ አስተካክሉና አጥብቁ። ካጠበቃችሁ በኋላ ደግማችሁ ለኩ፤ ብሎን ሲጠብቅ ይገፋል።
3. ስኳድራውን ገበታው ላይ አቁማችሁ ዲስኩ ከገበታው ጋር 90 መሆኑን እዩ። ካልሆነ ከኋላ ያለውን የማጋደያ ማቆሚያ ብሎን አስተካክሉ።
4. አሁን ሰክታችሁ ቁረጡ። ወርዱ 20 ሴ.ሜ ያህል፣ ሁለቱ ጎኑ እኩል የተላገ ጣውላ መሐሉን ቁረጡ። አንዱን ቁራጭ ገልብጣችሁ ሁለቱንም ቀጥ ካለ ነገር ጋር አስደግፉና የተቆረጠውን ፊት አገጣጥሙ።

አራተኛው እርምጃ ከማንኛውም ስኳድራ ይበልጣል፤ መገልበጡ ስህተቱን እጥፍ አድርጎ ያሳያል። በ20 ሴ.ሜ ወርድ ጫፉ ላይ 1 ሚ.ሜ ክፍተት ከታየ መጋዙ የሳተው ግማሽ ሚ.ሜ፣ በዲግሪ 0.14 ያህል ነው። ለወጋግራ ምንም አይደለም። ለክፈፍ ግን ስህተቱ ይደመራል፤ አራት ማዕዘን ክፈፍ ስምንት ቁርጥ አለው፣ እያንዳንዱ ሩብ ዲግሪ ቢስት መጨረሻው ማዕዘን ላይ 2 ዲግሪ ይጠራቀማል። ወርዱ 5 ሴ.ሜ በሆነ ክፈፍ ላይ ይህ 2.5 ሚ.ሜ የሚያህል ክፍተት ነው፤ ኮላና ሰጋቱራ ለውሰው የሚሞሉት ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሌላ ርካሽ ዘዴ አለ። ከ12 ሚ.ሜ ኤምዲኤፍ ወይም ፕላይውድ ቀጥ ያለ ቁራጭ አውጥታችሁ ከማስደገፊያው ፊት በቀዳዳዎቹ በኩል ከኋላ በቪስ እሰሩ፤ የሽፋኑን መንገድ አለመዝጋቱን አይታችሁ በዲስኩ ቁረጡት። የሚቀረው ስንጥቅ ዲስኩ በትክክል የሚያልፍበት መስመር ነው። የእርሳስ ምልክታችሁን ከስንጥቁ ጋር ታገናኛላችሁ፣ የእንጨቱም ጀርባ አይፈረፈርም። ብዙ መጋዝ ላይ ያለው ቀይ የሌዘር መስመር ከዚህ አይተካከልም፤ ዲስክ በተቀየረ ቁጥር ቦታው ይለወጣል።

እጅ፣ ልብስ፣ አቋቋም

ከዲስኩ ግራና ቀኝ 15 ሴ.ሜ እጅ የማይገባበት ቦታ ነው። ገበታው ላይ በቀይ ቀለም አስምሩት፤ አዲስ ተለማማጅ በቃል ከተነገረው ይልቅ ያየውን መስመር ያከብራል። እጅ ማጣመር፣ ማለትም በቀኝ እጅ ማስነሻውን ይዞ በግራ እጅ ከዲስኩ በስተቀኝ ያለውን እንጨት መያዝ፣ ለማንም አይፈቀድ። በስተቀኝ መያዝ ካስፈለገ በሞርሳ (እንጨት ቆንጥጦ በሚይዝ ማጥበቂያ) ይታሰር።

ጓንት ለብሶ አይቆረጥም። ጥርሱ የጓንቱን ጨርቅ ከያዘ ጣት ብቻ ሳይሆን እጅን ይጎትታል። የጠዋቱ ብርድ ጋቢ ወይም ፎጣ አንገት ላይ ያስጠመጥማል፤ መጋዙ ጋ ሲደረስ ይወልቅ፣ የሹራብ እጅጌም እስከ ክርን ይጠቅለል። የተንጠለጠለ ማተብም ሸሚዝ ውስጥ ይግባ። መነጽር ግዴታ ነው፤ የጆሮ መከላከያም ቀኑን ሙሉ ለሚቆርጥ ሰው ግዴታ ነው። ኤምዲኤፍና ቺፑድ ስትቆርጡ ደህና የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርጉ፤ የእንጨት ብናኝ የአፍንጫ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው፣ የኤምዲኤፍ ብናኝ ደግሞ በጣም ስለሚደቅ ቶሎ አይወርድም። በሩንና መስኮቱን ከፍታችሁ፣ ቢቻል ከቤት ውጭ ሥሩ።

ሰውነታችሁ ከዲስኩ መስመር ጎን ይሁን። የታችኛው ተንቀሳቃሽ ሽፋን በሽቦ ወይም በላስቲክ ታስሮ ክፍት የቀረ መጋዝ ካያችሁ አትሥሩበት። «ማየት ከለከለኝ» የሚባለው ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ በሙጫና በአቧራ የደነዘዘ ነው፤ መፍትሔው ማጽዳት ነው።

አቆራረጡ

በሹል እርሳስ ወይም በቢላ ጫፍ ምልክት አድርጉና የሚጣለውን ጎን በኤክስ ምልክት ለዩ። ዲስኩ ከ2.4 እስከ 3.2 ሚ.ሜ እንጨት ይበላል፤ ይህ የሚበላው ከሚጣለው ጎን ይሁን እንጂ ከሚፈለገው አይሁን። «ለካሁት፣ ግን 3 ሚሊ አነሰ» የሚባለው ቅሬታ ሁሉ ከዚህ ነው።

ስፒናው በተነቀለበት ወይም ማስነሻው ባልተነካበት ሁኔታ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጋችሁ ጥርሱ ምልክቱን የት እንደሚነካ እዩ። መልሳችሁ አንሱት፣ እንጨቱን ያዙ ወይም እሰሩ። አስነሱ፣ ሙሉ ፍጥነት ላይ እስኪደርስ ጠብቁ፤ ድምፁ መጨመሩን ሲያቆም ደርሷል። በእኩል ግፊት ዝቅ አድርጉ፤ መጋዙ ራሱ ይብላ። አልቆ ሲጨርስ ማስነሻውን ልቀቁ፣ ጭንቅላቱን ግን ወደ ላይ አትመልሱ፤ ዲስኩ እዚያው ታች እስኪቆም ጠብቁ። እየዞረ የተነሳ ዲስክ የተቆረጠውን ፊት በጎን ጥርሱ ይቧጥጣል፣ ትንሽ ቁራጭ ካለም አንስቶ ይወረውራል። ልኩንና ጣቱን በአንድ ጊዜ የሚያበላሽ ልማድ ቢባል ይኸኛው አንደኛ ነው።

የሚንሸራተት ጭንቅላት ባለው መጋዝ ሰፊ ጣውላ ስትቆርጡ ቅደም ተከተሉ፦ ሳይነሳ ወደ ራሳችሁ ጎትቱት፣ አስነሱት፣ ዝቅ አድርጉት፣ ወደ ማስደገፊያው ግፉት። እየጎተቱ መቁረጥ ዲስኩን እንጨቱ ላይ አስወጥቶ ወደ ቆራጩ ያመጣዋል።

አንድ ሚሊ ለመቀነስ ስትፈልጉ መጀመሪያ አስረዝማችሁ ቁረጡ፣ ከዚያ ላጭ አድርጉ። ዲስኩ በአንድ ጎኑ ብቻ ሲበላ ወደ ባዶው በኩል ስለሚታጠፍ ቁርጡ ቀጥ አይልም፤ ቀስ ብላችሁ ውረዱ።

ባሕር ዛፍ፣ ጎባጣ ሞራሌና አጭር ቁራጭ

ጎንደር ዙሪያ በብዛት የሚገኘው ባሕር ዛፍ ነው፤ ድቡልቡሉን ለአጥር፣ ለማገርና ለመወጣጫ በማይተር መጋዝ መቁረጥም የተለመደ ነው። ድቡልቡል እንጨት ማስደገፊያውን የሚነካው በአንድ መስመር ብቻ ነው። ጥርሱ ሲነካው ይሽከረከራል፣ ሲሽከረከር የያዘውን እጅ ወደ ዲስኩ ያንከባልላል። ከሁለት ሞራሌ የቪ ቅርጽ ያለው አልጋ ሥሩ፤ እያንዳንዳቸውን በአንድ ጠርዝ በ45 አጋድማችሁ አንድ ጣውላ ላይ ቸንክሩ፣ ምስማሩ ዲስኩ ከሚያልፍበት 10 ሴ.ሜ ይራቅ። አልጋውን ከማስደገፊያው ጋር በሞርሳ እሰሩት፣ ባሕር ዛፉን ደግሞ አልጋው ላይ በሁለተኛ ሞርሳ። እንጨቱ የተቆረጠ ሰሞን ከሆነ ውስጡ ያለው ውጥረት ገና አልወጣም፤ ሲቆረጥ ስንጥቁ ሊዘጋና ዲስኩን ሊነክስ ይችላል። ድምፁ ሲከብድ አትግፉ፤ ማስነሻውን ልቀቁ፣ ሲቆም አውጡት።

የጎበጠ ሞራሌ የጉብጠቱ ሆድ ወደ ማስደገፊያው ይዙር፤ ማለትም የሚያብጠው ጎን ዲስኩ በሚያልፍበት ቦታ ማስደገፊያውን ይንካ። በተቃራኒው ከተያዘ ከዲስኩ ጀርባ ባዶ ቦታ ይቀራል፤ እንጨቱ ሲያልቅ ወደዚያ ሸርተት ይልና ሁለቱ ጫፎች ዲስኩን ይጨምቁታል። ወደ ላይና ወደ ታች ለጎበጠም ያው ነው፤ የሚያብጠው ጎን ወደ ገበታው።

ረጅም ጣውላ በሁለቱም በኩል ከገበታው ጋር እኩል ከፍታ ባለው ነገር ይደገፍ። የተንጠለጠለ ጫፍ መጨረሻው ላይ ራሱን ይሰብራል፤ ሲሰበርም ከሚፈለገው በኩል ስንጥር ይዞ ይሄዳል። ልጅ ጫፉን እንዲይዝ ማድረግ መፍትሔ አይደለም፤ ያዥ ሰው ያነሳል፣ የተነሳ ጫፍ ዲስኩን ይቆነጥጣል።

ከ20 ሴ.ሜ ያነሰ ቁራጭ በእጅ አይያዝ። ትናንሽ ቁራጮች ከረጅም እንጨት ጫፍ ይቆረጡ እንጂ አጭሩ ደግሞ አይከተፍ። ግዴታ ከሆነ ቁራጩን በረጅም እንጨት ከላይ ተጭናችሁ ያንን እንጨት በሞርሳ እሰሩ።

የድሮ በር ወይም የፈረሰ ቤት እንጨት ስትቆርጡ ማግኔት አሳልፉበት። ውስጡ የተሰበረ ምስማር የዲስኩን ጥርስ ይሰብራል፣ የተሰበረው ጥርስም ወደ ፊት ይፈነጠራል። ወይራና የደረቀ ግራር ምስማር ባይኖርባቸውም ጠንካራ ናቸው፤ አዲስ የተሳለ ዲስክና ዘገምተኛ እጅ ይፈልጋሉ። ዋንዛ ለስላሳና ታዛዥ ነው፤ ሲላግም ሲቆረጥም አያስቸግርም፣ የሚያስቸግረው አለመድረቁ ነው።

ማዕዘን

የማይተር መጋዝ ዜሮ ማለት አናጢ 90 የሚለው ነው። ስለዚህ በመጋዙ ላይ 30 ስታደርጉ የእንጨቱ ጫፍ በማዕዘን መለኪያ 60 ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው ብዙ እንጨት ያበላሻል። ለመደበኛ ቅርጽ ቀመሩ ቀላል ነው፦ 180ን ለጎኖቹ ብዛት አካፍሉ። አራት ጎን 45፣ አምስት 36፣ ስድስት 30፣ ስምንት 22.5። ብዙ መጋዝ 15፣ 22.5፣ 31.6 እና 45 ላይ ራሱ ጠቅ ብሎ ይቆማል፤ 31.6ቱ ለጣሪያ ጠርዝ ክፈፍ ስለሆነ ሌላ ቦታ አትፈልጉትም። ጠቅ ካለ በኋላም እጀታውን አጥብቁ፤ ጠቅ ማለቱ ብቻውን አይይዝም።

ለግድግዳ ዞኮሎ (በግድግዳው ግርጌ ለሚለጠፍ እንጨት) 45 ብሎ መቁረጥ በእምነት መቁረጥ ነው። ጣሊያን ጎንደርን በያዘበት ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም የተሠሩት የፒያሳ ሕንፃዎችም ሆኑ የጭቃ ቤቶች ልስናቸው በየጊዜው ስለሚደራረብ ማዕዘናቸው እምብዛም 90 አይሆንም። ተጣጣፊ የማዕዘን መለኪያ ማዕዘኑ ውስጥ አስገብታችሁ ንባቡን ውሰዱ፣ ከ180 ቀንሱ፣ ለሁለት አካፍሉ። 92 ዲግሪ ከሆነ መጋዙ 44 ላይ፣ 88 ከሆነ 46 ላይ ይቆማል። መለኪያ ከሌላችሁ ሁለት ቁራጭ በ45 ቆርጣችሁ ማዕዘኑ ላይ ሞክሩ። በውስጥ ማዕዘን ግድግዳው ጋ ክፍተት ካለና ፊት ለፊት ከተነካካ ቁጥሩን ጨምሩ፤ ግድግዳው ጋ ተነካክቶ ፊት ለፊት ክፍተት ካለ ቀንሱ። በግማሽ ግማሽ ዲግሪ ሂዱ።

ለሥዕል ክፈፍ ስሌቱን በምሳሌ እንየው። የሥዕሉ ቦታ 30 በ40 ሴ.ሜ፣ የክፈፉ ወርድ 5 ሴ.ሜ ከሆነ በውጭ በኩል 40 እና 50 ሴ.ሜ ይሆናል፤ አራቱ ጎን ተደምሮ 1.80 ሜትር። ዲስኩ በ45 ሲያልፍ ከጠርዙ 4 ሚ.ሜ ያህል ስለሚወስድ ለስምንቱ ቁርጥ 3.5 ሴ.ሜ ገደማ ጨምሩ። ባለ 2 ሜትር እንጨት ይበቃል፣ ባለ 1.80 አይበቃም።

ክፈፍ የሚዘጋው ማዕዘኑ ትክክል ሲሆን ብቻ ሳይሆን ተቃራኒ ጎኖቹ እኩል ሲሆኑም ነው። ሁለቱ ረጃጅሞች በግማሽ ሚ.ሜ ቢለያዩ 45ቱ ምንም ፍጹም ቢሆን አንድ ማዕዘን ይከፈታል። ስለዚህ በሜትር ሁለት ጊዜ አትለኩ፤ ማቆሚያ እሰሩ። ማስደገፊያው ላይ ትንሽ እንጨት በሞርሳ ይታሰራል፣ የሚቆረጠው ጫፉን እሱ ጋ ያደርሳል። የማቆሚያውን የታችኛውን ጠርዝ 3 ሚ.ሜ ያህል ሸርፉት፤ አለበለዚያ ሰጋቱራ እዚያ ይጠራቀምና አሥረኛው ቁራጭ ከመጀመሪያው ያጥራል። ማቆሚያው በእጅ ወይም በሞርሳ በተያዘው በኩል ብቻ ይሁን። በሁለቱም በኩል ማቆሚያ ካለ የተቆረጠው ቁራጭ በዲስኩና በማቆሚያው መካከል ታስሮ ይወረወራል።

ሲበላሽ

ጠርዙ የሚፈረፈረው ከታችና ከማስደገፊያው በኩል ነው፤ ጥርሱ ከእንጨቱ የሚወጣው በዚያ ነውና። ስለዚህ የሚታየው መልከ መልካም ፊት ወደ ላይና ወደ እናንተ ይዙር። ላሚኔት ከሆነ መስመሩ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ።

የተቃጠለ ጥቁር ፊት የሚመጣው ዲስኩ ሲደነዝዝ፣ ሙጫ ሲይዝ ወይም በጣም ቀስ ተብሎ ሲወረድ ነው። መጀመሪያ አጽዱት፦ አውልቃችሁ በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና ለ15 ደቂቃ ዘፍዝፉ፣ በጥርስ ብሩሽ ፈግፍጉ፣ ወዲያው በደንብ አድርቁ። ደነዘዘ ተብሎ ሊጣል የነበረ ዲስክ አብዛኛው ከዚህ በኋላ ይቆርጣል።

ቁርጡ ወደ ላይ ሲሄድ ከ90 እየሸሸ ከመጣ ወይ የማጋደያው እጀታ ላልቷል፣ ወይ ቆራጩ እጀታውን ወደ ጎን እየገፋ ነው። ብልጭታ ከሞተሩ ጎን ሲበዛ ካርቦኖቹን አውጡ፤ ከ6 ሚ.ሜ በታች ካለቁ ሁለቱም በአንድ ላይ ይቀየሩ። የሚንቋቋ ድምፅና የሚወዛወዝ ዲስክ ደግሞ የኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) ነገር ነው፤ እስኪጨርስ አትጠብቁት።

በጣም የሚያናድደው ግን በሐምሌ ልክ ገጥሞ በየካቲት የሚከፈተው አርባ አምስት ነው። እዚህ መጋዙም ቆራጩም ንጹሕ ናቸው። እንጨት ሲደርቅ በወርዱ እንጂ በርዝመቱ ብዙ አይሸበሸብም፤ ወርዱ ሲቀንስ የጫፉ ማዕዘን ከ45 ያንሳል፣ ውጪው እንደተነካካ ውስጡ ይከፈታል። በበጋ ደርቆ የተገጠመ ክፈፍ በክረምት እርጥበት ሲጠጣ ደግሞ በተቃራኒው ውጪው ይከፈታል። ስለዚህ ክፈፍ የሚሆን ዋንዛ ወይም ጥድ ከገበያ እንደመጣ አይቆረጥም። ቤት ውስጥ በየመሐሉ 2 ሴ.ሜ ውፍረት ያለው ስንጥር እየገባ ይደርደር፣ አንዱን ጣውላ በየሳምንቱ መዝኑ፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል። ኮላ ከመቀባታችሁ በፊት የተቆረጡትን ፊቶች አንዴ ስስ አድርጋችሁ ቀብታችሁ 5 ደቂቃ ጠብቁ፤ የጫፍ እንጨት የመጀመሪያውን ኮላ ሁሉ ይጠጣዋል፣ የሚይዘው ሁለተኛው ነው። የክፈፉ ወርድ ከ7 ሴ.ሜ ከበለጠ ግን መከፈቱ አይቀርም፤ ያኔ 45ን ትታችሁ በቀጥታ መገጣጠሚያ፣ በምላስና በቀዳዳ ሥሩት።